አምስተኛው መስመር

ወረቀቱ መጀመሪያ ስድስት መስመር ነበረው። ዛሬ በየበሩ ተለጥፎ የሚነበበው አምስት ነው። የጎደለውን መስመር የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ በእርሳስ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ ቀጥ አድርጌ።

ሥራዬ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የበሽታ ቅኝት ነው። ማን ታመመ፣ መቼ ጀመረው፣ ከማን ጋር ዋለ እያልኩ እጠይቃለሁ፤ እመዘግባለሁ። ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ሥራው በሳምንት ሁለት ቀን ያልቅ ነበር። በቀሩት ቀናት የክትባት ማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋትና ማታ እያነበብኩ እጽፋለሁ። የሰፈሩ ሰው "ሚዛኑ" ይለኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ልጅ ሆኜ ዳቦ ስትቆርስልኝ የእሷንና የእኔን ቁራሽ በሁለት እጄ ይዤ ካልመዘንኩ አልበላም እል ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ሰባት። የእናታችንን የስፌት መኪና ወረሰች፤ እኔንም አብራ ወረሰች። በዚያች መኪና አሳድጋ፣ በዚያች መኪና አስተማረችኝ።

እህቴ አስም አለባት። በሽታው ወደ ሰፈራችን እየቀረበ ነው ሲባል፣ ግድግዳ ላይ በሰቀልነው ካርታ ውስጥ እኔ የማየው አንድ ቤት ብቻ ነበር፦ በመንገዱ ጫፍ፣ ከአናጢው ቤት ቀጥሎ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚያይ የልብስ ሰፊ ቤት። በሽታው ከገባባት ቶሎ ካልደረስንላት እንደማትተርፍ አውቅ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ይህንኑ ይላል።

በሁለተኛው ወር ከቤት እንዳይወጡ የተነገራቸው ቤቶች መቶ አርባ ሦስት ደረሱ። እኛ ሠራተኞቹ ዘጠኝ ነበርን፤ አምስቱ ታመው አራት ቀረን። ያለን አንድ ስልክና አንድ አምቡላንስ ነው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ተይዞ ይውላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደውሎ የሚያገኘው "መስመሩ ተይዟል" የምትለዋን ሴት ብቻ ነው። የጨርቁ ሐሳብ የመጣልኝ ያኔ ነው። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ፊቱ ነጭ፣ በሌላው ፊቱ ቀይ የሆነ ጨርቅ ይሰጠዋል። ደህና ከሆኑ ነጩን ወደ መንገድ አዙረው የመስኮቱ ብረት ላይ ያስራሉ፤ መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ቀዩን ያዞራሉ። እኔ በየጠዋቱ መዝገቤን ይዤ መንገዱን እዞራለሁ። ማንንም ሳልነካ፣ በር ሳላንኳኳ፣ መቶ አርባ ሦስት ቤት በሃምሳ ደቂቃ አነባለሁ።

ጨርቁን የሰፋችው እሷ ናት።

"መቶ አርባ ሦስት?" አለች፣ ከበሯ ሁለት ሜትር ርቄ ቆሜ ስነግራት።

"መቶ ስልሳ አድርጊው። መጠባበቂያ ያስፈልጋል።"

"ጠርዙንስ? ልቀምቅመው?"

"ጨርቅ እኮ ነው እታለም። ለሠርግ አይደለም።"

"ከእኔ እጅ የሚወጣ ነገር ጠርዙ ሳይቀመቀም አይወጣም። አንተስ ቁጥርህን ሳትደምር ታድራለህ?"

ሳቀች። ሳቅ ያስላታል። ሳሉ እስኪያልፍላት በልቤ ሰኮንድ ስቆጥር ቆየሁ።

"አትቁጠረኝ" አለች ትንፋሿ ሲመለስ፤ "ማስክም አድርገህ ያስታውቅብሃል።"

የመመሪያውን ወረቀት የጻፍኩት በዚያው ሳምንት ነው። ስድስት መስመር ሆነ። እጅ መታጠብ፤ ማስክ ማድረግ፤ የታመመውን ለብቻው ማስተኛት፤ ነጭና ቀዩ፤ "ማታ ጨርቁን አስገቡ፣ ጠዋት እንደገና እሰሩ"፤ መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥራችን። ላባዛው ወደ ኮፒ ማሽኑ ስሄድ የጤና ጣቢያው ኃላፊ እዚያ ቆማለች። ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ወረቀቱን በአውራ ጣቷ እየገለጠች ትቆጥራለች።

"ሰማንያ ቅጠል ነው የቀረን" አለች። "ሌላ እስኪላክልን ደግሞ ሰው ያልቃል። ግማሽ ገጽ ላይ አስገባው፣ አንዱን ለሁለት እንቆርጠዋለን።"

"ፊደሉን ካሳነስኩት ሽማግሌዎቹ አያነቡትም።"

"እንግዲያው አንድ መስመር ይውጣ።"

ተቀምጬ ስድስቱን መስመር መላልሼ አነበብኩ። እጅ መታጠብ አይነካም። ማስክ አይነካም። የስልክ ቁጥር ከሌለማ ምኑን ጤና ጣቢያ ሆንን። አምስተኛው ላይ ስደርስ ሲስተር በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አለች።

"ይቺን ማታ ማስገባት ለምን ጻፍካት?"

"ጨርቁ ጤዛ እንዳይመታው፣ ሌባም እንዳይወስደው ብዬ።"

"በዚህ ጊዜ ማን ጨርቅ ይሰርቃል? አውጣት።"

አወጣኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን ብብቴ ውስጥ ምን እንደነበረ እንኳ አላወቅኩም። የመስመሩ ጥቅም ሳይገባኝ ጻፍኩት፤ ሳይገባኝ ሰረዝኩት።

ሥራው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ። በቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ጨርቁ ተገልብጦ ቀይ ሆነ። አምቡላንሱ እየጮኸ ሲደርስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ካርታ ይጫወታል። በዚያው ሰዓት በቤት ቁጥር ዘጠና ሁለት የእውነት ቀይ የሰቀሉ ሽማግሌ አርባ ደቂቃ ጠበቁ። በማግስቱ ሞቱ። ጨርቁ ያን ጊዜ ላዩ ላይ ብቻ ነበር ማሰሪያ ያለው። ከታችም ሁለት እንዲጨመርበት፣ አራቱም በድርብ ቋጠሮ እንዲታሰሩ ወሰንኩ። የተሳሳተ ቀይ እንዳይኖር። ስለተሳሳተ ነጭ ማንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

"ሦስት መቶ ሃያ ማሰሪያ!" አለች እህቴ። "ይሄ ወንድሜ ምን ቆርጦት ነው በሉልኝ ሰዎች። አንድ ነፋስ ነፈሰ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ ሊቀይድ?"

"አንድ ሰው ሞቷል እታለም።"

አንዱን ጨርቅ አንሥታ መስኮቷ ብረት ላይ በድርብ ቋጠሮ አሰረችና "ና፣ ሳበው" አለች። በጓንት ሳብኩት። ፍንክች አላለም።

"የእኔ ቋጠሮ በመቀስ እንጂ በጥርስ አይፈታም" አለች።

"እንዲህ ነው የምፈልገው" አልኳት።

ጨርቁ ሠራ። ይህን መካድ አይቻልም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃያ ስድስት ቀይ አንብቤ አሥራ ዘጠኙ ሰዎች በጊዜ ሆስፒታል ደረሱ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ፤ መንገዱን ከእኔ ጋር ዞሩ፤ ፎቶ አነሡ። በሳምንቱ መመሪያችን ለአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች ታትሞ ተሰራጨ። አንድ ቅጂ ለእኛም ደረሰን። እነሱ የወረቀት ችግር ስላልነበረባቸው በሙሉ ገጽ ነው ያተሙት። አምስቱ መስመር ላይ ላዩን ሰፍሮ የታችኛው ግማሽ ባዶውን ቀርቷል። ንጹሕ ሥራ ነው ብዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

በአምስተኛው ሳምንት ማስክ ልታሰፋ እህቴ ዘንድ የመጣች አንዲት ደንበኛ በሽታው ተገኘባት። የነካካቻቸውን ሰዎች ስትቆጥርልኝ አራተኛዋ እህቴ ነበረች። እንደ ማንኛውም ሰው መዘገብኳት፦ ቤት ቁጥር አንድ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ አስም፣ አሥር ቀን። መጠባበቂያ ካልኳቸው ጨርቆች አንዱን ይዤ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ራቅሁ። ጎንበስ ብላ ጨርቁንም ወረቀቱንም አነሣች። ወረቀቱን እንደ ጨርቅ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

"ያን ጊዜ ስታነብልኝ ማታ አስገቡ የምትል ነገር አልነበረችም?"

"ወጣች። ቦታ ጠበበ።"

"እና ይደር?"

"ይደር። ጨርቅ አይበርደው።"

"እሱስ እውነትህን ነው። ግን ማስገባቱ ይሻል ነበር። ሰው ጠዋት ተነሥቶ የሚያነሣው ነገር ሲኖረው..." አልጨረሰችውም። "አሁን በእጅህ ጻፍበት ብልህስ?"

"መልእክት ሲቀያየር ሕዝብ ይደናገራል።"

"እሺ ጌታው።"

የሰጠኋት ሌላ መመሪያ በቃል ነበር። በየማታው ደረቷን እያየች በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ትቆጥራለች፤ ከሃያ አራት ካለፈ ሳታመነታ ቀዩን ታዞራለች።

"ቀይ ላዙርና ሚዛኑ ለእህቱ አጋደለ ይበሉህ?"

"ይበሉኝ!"

"አይሉህም" አለች። "በእኔ ምክንያት አላስብልህም።"

የሰማሁት እንደ ቀልድ ነው።

እኔ በዚያን ሰሞን የማድረው ጤና ጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በጓንት ካርቶኖች መካከል ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ሥራ ስጨርስ እየደወልኩ ጠየቅኋት። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ትቀልዳለች፤ ስለ ጎረቤቷ ስለ አናጢው መዶሻ ታማርራለች፤ "ምን በልተህ ዋልክ" ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን ስደውል ቶሎ አላነሣችም።

"እታለም፣ ስንት?"

"አሥራ... ስምንት።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"መናገር... አደከመኝ። ከነገ ጀምሮ... አትደውል። ጨርቁን እይ። ለዚህ... አይደል የሠራኸው?"

ደስ አለኝ። ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ፤ እህቴ በሥራዬ አመነች ብዬ ደስ አለኝ። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቃል የማትጨርስ የአስም በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነች ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ። እሷ ሌላ ቤት ብትሆን ኖሮ አምቡላንሱን ያኔውኑ አስነሣው ነበር። ለእህቴ አደላሁ እንዳይባል ያን ያህል ስጠነቀቅ፣ ለሰው ሁሉ የማደርገውን ነፈግኋት።

በስድስተኛው ቀን ነጭ። በሰባተኛው ነጭ።

በስምንተኛው ቀን መንገዱ ጫፍ ስደርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ነበር። ሰዓቱን የምጽፈው በየቤቱ ነው። አናጢው ደጁ ላይ ሳንቃ ይልጋል። በዚያን ሰሞን አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ምን እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም አይጠይቀውም።

"ሚዛኑ! ዛሬ ምነው ዘገየህ? እኔ እኮ ሰዓቴን የምሞላው በአንተ ነው።"

"ሁለት ደቂቃ ነው የዘገየሁት።"

"እሱን አይደል የምልህ!" ከት ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ መላጊያውን አስቀመጠ። "እህትህስ? የመኪናዋ ድምፅ ከጠፋኝ ሦስት ቀኑ።"

"እረፍት ታዞላታል። ትረፍበት።"

"ደህና ናት ማለት ነው?"

ቀና ብዬ መስኮቷን አየሁ።

"ነጭ ናት!" አልኩት፤ ርቄ ስለቆምኩ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

"ተመስገን ነው።"

ነጭ ነበረች። የጨርቁ የታችኛው ጫፍ ግን ብረቱን ለቆ ትንሽ ተነሥቶ ነበር፤ ከሥሩ የቀዩ ጠርዝ በጣት ስፋት ይታያል። የነፋስ ነገር እንዳይደገም ብዬ መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "158፣ 2፡22፣ ነጭ። የታችኛው ማሰሪያ ላልቷል፤ እንድታጠብቅ ይነገራት።" ሄድኩ።

እኩለ ቀን እንዳለፈ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ የጠዋቱን ንባብ ወደ ዋናው መዝገብ ስገለብጥ እዚያ መስመር ላይ ደረስኩ። "ላልቷል" የሚለውን ቃል ጽፌ ብዕሬ ቆመ። የአየሩን ሁኔታ የምጽፍበት ዓምድ ከጎኑ አለ፤ ከአሥራ ሰባተኛው ቤት ወዲህ የጨመርኩት ነው። የዚያን ቀን የሞላሁት "ጸጥ ያለ፣ ነፋስ የለም" ይላል። ነፋስ የለም። እህቴ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ አስራው የላላ ነገር የለም። በመቀስ እንጂ በጥርስ አይፈታም ብላኛለች።

ተነሣሁ።

"ወዴት ነው?" አለችኝ ሲስተር።

"ተቆርጦ ነው" አልኳት። ያልኩት የገባት አይመስለኝም። ጓንቴን ያደረግኩት እየሮጥኩ ነው።

በሯ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ስሟን እየጠራሁ ደበደብኩ፤ አናጢው መፈንቀያ ይዞ መጣ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም። መቀርቀሪያው በሁለተኛው ሙከራ ተነቀለ።

ክፍሉ ቀይ ነበር። የቀኑ ብርሃን በጨርቁ አልፎ ነው የሚገባው፤ ከውስጥ ሲታይ ደግሞ ፊቱ ቀይ ነው። የስፌት መኪናውም፣ መቁረጫ ጠረጴዛውም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ያላለቀ ቀሚስም ቀልቶ ነበር። ያን ጨርቅ ለአምስት ሳምንት ከመቶ አርባ ሦስት ቤት ፊት ቆሜ አንብቤዋለሁ። ከውስጥ ሆኖ ያየው ሰው ምን እንደሚታየው አንድም ቀን አላሰብኩም።

መስኮቱ ሥር ወንበር አስጠግታ ተቀምጣለች፤ ራሷ ግድግዳው ላይ ዘንበል ብሏል። መስኮቱ ወደ ውስጥ ተከፍቷል። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ሁለቱ ጣቶቿ አሁንም መቀሱ ውስጥ ናቸው። የታችኛዎቹ ሁለት ማሰሪያዎች ተቆርጠዋል። ከላይኛዎቹ የግራው እስከ ግማሽ ተበልቷል። የቀኙ አልተነካም። ሦስቱን ብትጨርስ ጨርቁ ይንጠለጠል፣ ይገለበጥም ነበር።

እናስተኛት አልን። መንጋጋዋ ደርቋል፤ ክርኗ ግን ገና ይታጠፋል። ይህ ምን ያህል ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄን ማቆም አልቻልኩም። ሰዓቴን አየሁ፦ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይሆናታል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ መሐሉ ላይ ይወድቃል። እኔና አናጢው ስንሳሳቅ መስኮቱ ክፍት ነበር። "ነጭ ናት" ስል ጮክ ብዬ ነበር።

መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ፣ ቀኑን በግራ ቁጥሩን በቀኝ አድርጋ ጽፋለች። እንዳስተማርኳት ነው። አራተኛ ቀን ሃያ ሁለት። አምስተኛ ቀን ሃያ ሰባት። ስድስተኛ ሠላሳ አንድ። ሰባተኛ ሠላሳ ስድስት። ከሥሩ "8" ብላ ጀምራ ቦታውን ባዶ ትታዋለች። አሥራ ስምንት ስትለኝ ፊቷ ያለው ቁጥር ሃያ ሰባት ነበር።

ስልኳን ጓዳ ውስጥ አልጋዋ ላይ አገኘሁት። በዚያ ሌሊትና ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው መስመር ስድስት ጊዜ ደውላለች። ወደ እኔ አንድም ጊዜ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለካሁ፤ ሰባት እርምጃ ነው። ያላት ሰባት እርምጃ ብቻ ነበር፤ እሱንም የእኔ ጨርቅ ላይ ጨረሰችው።

አናጢው በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። "ወንድም ጋሼ" አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "ካሁን ካሁን ልንገርህ እያልኩ... የመኪናዋ ድምፅ..."

"ነግረኸኛል" አልኩት።

በዝቅታ "ልለካት?" አለ። ሜትሩን ረስቶ መጥቷል። አንገቷ ላይ የነበረውን የራሷን ሜትር አውልቄ ሰጠሁት።

ጤና ጣቢያ ስመለስ ሲስተር ወሬው ደርሷት ቆማ ትጠብቀኛለች። እጇን ወደ ትከሻዬ ዘርግታ መንካት እንደማይቻል ትዝ ሲላት መለሰችው። "ሂድ፣ አረፍ በል" አለች። እኔ ግን መዝገቡን ከፈትኩ። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ፤ ሰባት ገጽ ነጭ። ከእነዚህ የትኛው ዛሬ የታሰረ፣ የትኛው የዛሬ ሳምንት የታሰረ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት የለም። ደህና የሆነ ሰው ጨርቅና መናገር ያቃተው ሰው ጨርቅ አንድ ናቸው። ማታ የሚገባ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ባዶ መስኮት ይነግረኝ ነበር።

"ሲስተር፣ ወረቀቱ ስሕተት ነው።"

"የቱ ወረቀት?"

"አምስተኛው መስመር። ያወጣናት።"

ለማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ሰው ሦስት ጊዜ ከደወልኩ በኋላ ተገኘ። ድምፄን ለይቶ ደስ አለው። "የጨርቁ ሰውዬ!" አለ። አምስቱ መስመር ላይ አንድ መስመር መጨመር እንዳለበት ነገርኩት። ምክንያቱን ነገርኩት። የሞተችው ማን እንደሆነች አልነገርኩትም።

"አዝናለሁ" አለ፤ ያዘነም ይመስላል። "ግን ይታይህ፣ አሥራ አንድ ጣቢያ ደርሷል። በየበሩ ተለጥፏል። አሁን አውርዱና ሌላ ለጥፉ ብንል... አንተው ራስህ ስትዞር ነግረኸን የለ? መልእክት ሲቀያየር ሕዝብ ይደናገራል። በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።"

"የታችኛው ግማሽ ባዶ ነው" አልኩት። "በእጅ ይጻፍበት።"

"እናየዋለን አልኩህ እኮ። አይዞህ፤ በርታ።"

ስልኩን ስዘጋ ወዲያው ጮኸ። ሲስተር አነሣችው። የሆነ ቤት፣ የሆነ ሰው፤ አምቡላንሱ ደግሞ ወጥቷል። እኔ መዝገቤን ይዤ ወጣሁ።

ከመንገዱ መነሻ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ልክ መንገዱ ላይ ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነበር። ጠርዙ የተቀመቀመ ነጭ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በር አንኳኳሁ። ቤት ቁጥር አንድ፣ አንድ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ "ምነው፣ ምን ሆነ?" አለ። "ምንም። ልስማህ ብዬ ነው።" ቤት ቁጥር ሁለት የሕፃን ልቅሶ ከውስጥ ይሰማል፤ እሱም ይበቃኛል ብዬ አለፍኩ፤ ከዚያ ሕፃን ብቻውንም ያለቅሳል ብዬ ተመልሼ እናትየው እስክትመልስልኝ ጠበቅሁ። ቤት ቁጥር ሦስት አንዲት ባልቴት ናቸው።

"ማነው?"

"ከጤና ጣቢያ ነኝ እማማ።"

"ሚዛኑ ነህ? ምን ልትሠራ ታንኳኳለህ? ነጩ አይታይህም?"

"ይታየኛል እማማ።"

"እና?"

"ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።"

"ይኸው ሰማህ" አሉ። "አንተ ልጅ ታመሃል እንዴ?"

ከቁጥራቸው ጎን ሰዓቱን ጻፍኩ። ነጭ አላልኩም፤ "ተናግረዋል" ብዬ ጻፍኩ። ወደ ቤት ቁጥር አራት አለፍኩ። ጨርቁ በአራቱም ማዕዘን ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ ንጹሕ ነጭ፣ አንድ እንከን የማይወጣለት። አንኳኳሁ። መልስ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ እንደገና አንኳኳሁ።